ቅቤ ያልነካው አተር

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2። ከቀኑ 9፡30

…በሹካው ጀርባ ጫን እያደረገች። አተሩ ድንቹ ላይ ካልተለጠፈ ይሸሻል፣ አለችኝ። ያኔ ጽጌ ሰሜን እንግሊዝ ነበረች፣ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀጥራ። ልጠይቃት ሄጄ። ከሥር የተፈጨ የበግ ሥጋ፣ ከላይ የተፈጨ ድንች፣ ኦቨን ገብቶ ፊቱ ቡናማ የሆነ። የእረኛ ፓይ ይሉታል። ውጭ ዝናብ። የራሷን ሳህን ጠርጋ ወደ እኔ…

ዛሬ ሦስት ማንኪያ ሾርባ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ።

ደብተሬ፣ ሌላ የምነግረው የለኝም። ባለቤቴ ጽጌ ከሆድ ቀዶ ጥገናው ወዲህ አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሳለች። የቮርድሴንትራሏ፣ የጤና ጣቢያዋ፣ ነርስ ቁርጡን ነገረችን። ሰኞ ሚዛኑ ከወረደ ሆ/ል ትተኛለች፤ ምግብ በአፍንጫዋ፣ በቱቦ። ቅቤ ስጧት፣ ክሬም፣ እንቁላል። ጽ. ግን አትነካውም። ሁዳዴ ነው። ከማደንዘዣው ከነቃሁ ሙሉውን እጾማለሁ ብላ ተስላለች። የንስሐ አባቷ ደውለው ለታመመ ሰው ተፈቅዷል አሏት። «አባቴ፣ እርስዎ ቢፈቅዱልኝም የተሳልኩት እኔ ነኝ።»

ረቡዕ፣ 3

የእረኛ ፓይ ቢሆን እበላ ነበር አለች። የጾም። በሥጋው ፈንታ ምስር፣ ድንቹ በዘይት። ከአልጋ ሳልወርድ ሱቅ የደረስኩ ይመስለኛል።

ከዚያ በማባያው ጠብ። ታላቅ እህቷ እትዬ ዘነበች ከአካላ ሰፈር መጥተዋል፤ ይህ የገረጣ ነገር ያለ ቃርያና ያለ አዋዜ አይወርድም ይላሉ። ልጃችን ሩት በስዊድንኛ፦ ኮምጣጤ የገባበት ቀይ ሥር፣ ት/ቤት እንደሚሰጧቸው። ጽ. ግድግዳውን ይዛ መጣች።

«አተር ነው! በውሃና በጨው። ቅቤ የማይነካው።»

«ሰባት ዓመት እንግሊዝ ተቀምጣ አተር ተምራ መጣች!» እትዬ።

ጽ. ሳቀች። ስትስቅ የአንገቷ አጥንት ይታያል።

ድንቹን ስፈጭ ብቻዬን ነበርኩ። ፍሪጁ ውስጥ ለሩት ዳቦ የተገዛው ቅቤ አለ። ግማሹን ጨመርኩት። ክሬም አንድ ብርጭቆ። አተሩን ግን እንዳለችው።

ሳህኑን ጠረገችው።

አርብ፣ 5

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቃ፣ አማትባ ትበላለች። ዛሬ ጨምርልኝ አለች። እጅህ ይባረክ አለችኝ። እጄን ጠረጴዛው ሥር ደበቅኩ።

የቅቤውን ወረቀት ኪሴ ከትቼ ቮርቢ ጎርድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄጄ እጥላለሁ። እንደ ሌባ። እየዳነች ነው እላለሁ። ጾም አስገደፍኳት እላለሁ። ሁለቱም እውነት፣ በአንድ ማንኪያ።

ሰኞ፣ 8

ስምንት መቶ ግራም ጨመረች! ነርሷ አጨበጨበች። ቱቦ የለም። ስንመለስ ቱነልባናው፣ ባቡሩ ውስጥ እጄን ያዘች። አየህ፣ በጾም ምግብ አዳነኝ፣ አለች። ደስታዬ ስሉሰን ጣቢያ ሳንደርስ አለቀ።

ቤት ገብታ ለእትዬ ዘ. ደወለች። ስለቴ ሠመረ። እሑድ ትቆርባለች። ከቅዳሴ በኋላ ለምእመኑ ሁሉ ፓይ ይቀርባል፣ በአተር። የሚሠራው እሱ ነው አለች፤ ወደ እኔ እያየች። ኩራት ነበር ፊቷ ላይ።

ሐሙስ፣ 11። ጠዋት

ብነግራት መብላት ታቆማለች። ባልነግራት ከሰው ፊት፣ ከቁርባኑ ፊት… ልጽፈው አልችልም።

ሩት አውቃለች። ክሬሙን ሳፈስ አይታኛለች። «አባዬ፣ ንገራት።» በአማርኛ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

በሯ ድረስ ሄድኩ። ከአልጋዋ ላይ ስንት ኪሎ ድንች ይበቃል ብላ ጠየቀችኝ። ሃያ አልኩና ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ 13። 9 ሰዓት

ወሰንኩ። በዘይት ሠራሁት። ለነገ ከመሆኑ በፊት ትቅመሰው።

ደብተሩን ይዤ ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ። የዕቃ ዝርዝር የምጽፍ መስያታለሁ። አማተበች። አንድ ማንኪያ። አፏ ውስጥ ያዘችው። ወጥ ቤት የኖረ ምላስ ነው። ሁለተኛ፣ ትንሽ። ማንኪያውን አስቀመጠች።

ታየኛለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቅቤ ነበረበት አልኳት። 

ተነሥታ ፍሪጁን ከፈተች። ከወተቱ ጀርባ ቅቤውን አወጣች። ክብደቱን በመዳፏ ለካችና ደብተሬ አጠገብ አኖረችው። ተመልሳ ተቀመጠች። ድንቹን ወደ ሳህኑ ዳር ገፋች። አተሩን በሹካው ጀርባ እየጫነች፣ ቀስ እያለች፣ አንድም ሳታስቀር በላችው።

አሁን ኮሪደሩ ላይ ናት። ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች፣ ካፖርቷን ደረበች። አጎንብሳ ጫማዋን ታስራለች፤ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እኔ ነበርኩ የማስርላት። ጽጌ፣ አልኩ። ቀና ላለማለት እጽፋለሁ። ቁልፉ ተንቃጨለ። ጽጌ፣ ቢያንስ እስከ

በሩ ተዘጋ።