አኳሪየሙን ያለበስኩት ጃኬትህ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሆነ። በሕይወት ሳለህም ብዙ አናወራም ነበር። አንተ ግን ዝምታዬ ይገባህ ስለነበር አሁንም የሚገባህ ይመስለኛል።

ሲልቨር ስፕሪንግን ለቀን እዚሁ አጠገቡ ያለችው አሌክሳንድሪያ ገብተናል፤ ለእማዬ ሥራ ይቀርባል። አዲሱ ቤት ጠባብ ነው። እኔ ሳሎን እተኛለሁ፤ አኳሪየምህ በእግሬ በኩል ነው። ዓሦችህ ግን ቤት ስንቀይር ተጎድተው አንድ በአንድ አለቁ። ከዚያ አራት ትንንሽ ገዛሁ። ስለ እነሱ ልናዘዝልህ።

እማዬ ድንጋዩ ሥር ተደብቀው ስታያቸው አንጀቷ አልቻለም። እንግዳ ገብቶ እንዴት ጦሙን ያድራል? ጠዋት ስትወጣ ምግብ ትበትንላቸዋለች፤ ስትመለስም ትደግማለች። መስታወቱን በጣቷ እያንኳኳች "በሞቴ፣ ትንሽ ቅመሱ" ትላቸው ነበር። ያልተበላው ምግብ በሰበሰ፣ ውሃውም ደፈረሰ። አንተ አዲስ ዓሣ ስታመጣ በመጀመሪያው ቀን ምንም እንደማትሰጥ ስንቴ አይቻለሁ! ግን "ተይ እማዬ" ማለት አቃተኝ። ካንተ ወዲህ ደስ ብሏት ስታበላ ያየኋት ያኔ ነበር። ዝም አልኩ፤ አራቱም ሞቱ።

"በቃ፣ ይሄ ነገር ለእኛ አልተባለም" አለችና የሥራ ጓደኛህ ጋሽ መኮንን አኳሪየሙን እንዲወስደው ደወለችለት። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ እመጣለሁ አለ። አንዴ ብቻ ልሞክር ብዬ ለመንኳት። "እስኪመጣ ከኖሩ ይቀራል፣ ካልኖሩ ይሄዳል" አለችኝ።

ውሃውን ደጋግሜ ቀየርኩ፤ እስኪጠራም ጠበቅሁ። ቅዳሜው ሳምንት ሲቀረው ጎናቸው ላይ ሰማያዊ መስመር ያላቸው ስድስት ትንንሽ ዓሦች አመጣሁ። አንተ እንደምታደርገው ከነላስቲካቸው ውሃው ላይ አንሳፈፍኳቸው፤ እንዳይደነግጡም የአኳሪየሙን ውሃ በሻይ ብርጭቆ ጥቂት ጥቂት ጨመርኩላቸው። ስለቅቃቸው ሁሉም ወደ ድንጋዩ ሮጡ። መብራቱን አጠፋሁ። ያንተ ዘዴ እንዲሟላ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ አኳሪየሙን የምትሸፍንበት ጃኬትህ።

እማዬ የፓርኪንግ ሥራህን ጃኬት እስካሁን አላጠበችውም፤ ማንም እንዲነካውም አትፈልግም። ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ እንዲጨልምላቸው አኳሪየሙን አለበስኩት። ከሥራ ስትገባ አየችውና በሩ ላይ ቆመች። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ መጣችና፣ አንተ ለሥራ ስትወጣ ታደርግልህ እንደነበረው ኮሌታውን አስተካከለች።

ያን ጊዜ እኔ ከአገር ቤት የመጣሁ ሰሞን ትዝ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሰዎች እንኳን ደህና ገባሽ ሊሉኝ ሲመጡ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። "የታለች ልጅቷ? ትውጣና እንሳማት እንጂ!" ሲሉ እሰማለሁ። አንተ "ተዉአት፣ ውሃውን ትልመደው" አልካቸውና ሳቁ። ከዚያ መጥተህ ጀርባህን ለበሩ ሰጥተህ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥክ። "ውጪ" አላልከኝም። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ስወጣም ምንም ሳትጠይቀኝ የዓሦቹን ምግብ ቆርቆሮ ሰጠኸኝ፤ "አንድ ቁንጥር ብቻ" አልከኝ።

ጃኬቱን ባለበስኩት ማግስት እማዬ እጇን ወደ ቆርቆሮው ስትሰድ "ነገ፣ እማዬ" አልኳት። ቃሉ ወጣልኝ። እጇን መለሰች። በሦስተኛው ቀን ጃኬቱን ሳነሳው አንዷ ብቅ አለች፤ እስከ ቅዳሜ አምስት ሆኑ።

ጋሽ መኮንን ብርድ ልብስና ጋሪ ይዞ መጣ። ጎንበስ ብሎ መስታወቱን ኳ ኳ አደረገና "የታላችሁ እናንተ! ወጣ በሉና እንተዋወቅ!" አለ። አምስቱም ተበተኑ።

"ጋሽ መኮንን፣ አያንኳኩባቸው! ገና እየለመዱ ነው" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ስለወጣ ራሴም ደነገጥኩ። እማዬ ዓሦቹን ትታ እኔን አየችኝ። ከዚያ "ተቀመጥ ጋሽ መኮንን፤ ምሳ እንብላ። አኳሪየሙ አይሄድም" አለችው። እሱም እስኪሄድ ድረስ ሲያወራ የዋለው በሹክሹክታ ነው። ብታየው ትስቅ ነበር።

ጃኬትህ ወደ ቦታው ተመልሷል። አንዱ እጅጌ ውሃ ነክቶታል፤ እማዬ ግን አልተቆጣችኝም። ስድስተኛዋ ዓሣ አሁንም አልወጣችም። እማዬ ሞታለች ትላለች፤ እኔ ግን ከድንጋዩ ኋላ ጅራቷ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። አልጠራትም፣ አላንኳኳባትም። ይህን የምጽፍልህም መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ለአኳሪየሙ ሰጥቼ ነው። እንዴት እንደጠበቅከኝ መቼም አልረሳም አባዬ፤ እኔም እንደዚያው እጠብቃታለሁ።

ልጅህ ሕሊና