ድመቷ የምትተኛበት መጥበሻ

ጥር 4
ብርድ! የከተማችን የቆሰበር ብርድ አፍንጫ ይቆርጣል። ወደ በረንዳው ስወጣ ባለ ክዳኑ የጋዝ መጥበሻችን በትንሹ ተለኩሶ ጠበቀኝ። እንደ ትናንቱ፣ እንደ ከትናንት ወዲያው። ዓባይነህ ነው… ባጃጁን ይዞ ሳልነሳ ስለሚወጣ ለኩሶልኝ ይሄዳል። ካገባን ገና አራት ወራችን፤ እንዲህ ያለ ባል! ማታ ሲገባ "ተባረክ የኔ ጌታ" ስለው ሳቀ።

የግራ ቅንድቤ አሁንም የለም። የገና ዕለት ክዳኑን ሳልከፍት ጋዙን ለቅቄ ስለኩሰው ቡፍ! አለና ላጨኝ። በኩል ስዬው እውላለሁ፤ አንዱ የጥብስ ቤታችን ደንበኛ ጭራሽ አማረብሽ አለኝ። ሃሃ! አማቴ እማማ እታለማሁ ግን አልሳቁም። ከዚያ ቀን ወዲህ መጥበሻውን የሚያዩት እንደ ጅብ ነው። እኔንም እንደዚያው መሰለኝ…

ጥር 6
ጋዙ አለቀ!! በሰባት ቀን! ሻጩ ይሄነው "ሃያ ቀን ይቆይልሻል" ብሎ ምሎልኝ አልነበር? ባዶ ነው የሸጥክልኝ ብዬ ሱቁ ድረስ ሄጄ ጮህኩበት። ሌላ ሲሊንደር ሚዛን ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። ሙሉ ነው። አፈርኩ። ይዤው መጣሁ።

መጥበሻው እኮ የሠርግ ሀብሌ ነው። ማንም ሳያዘኝ ሸጬ የገዛሁት። ጥብስ ቤታችን ከከሰል ጭስ ይገላገል ብዬ።

ጥር 11
ጥምቀት። ሰው እንደ ጉድ ነው፤ እግሬን አላውቀውም። ድመቷ አዲስ አልጋ አግኝታለች፤ የመጥበሻው ክዳን ላይ። ጠዋት ጠዋት እዚያ ተጠቅልላ ነው የማገኛት። የሞቀ ኑሮ!

ጥር 13
ደግሞ አለቀ። ደግሞ ሰባት ቀን። ይሄነው ራሱ መጣ። አዲሱን ሲሊንደር ገጠመና ሳሙና በውሃ መትቶ ጎማውን፣ መጋጠሚያውን ሁሉ ቀባው። አረፋ ከነፋ ጋዙ ያፈስሳል ማለት ነው። ሁላችንም ዓይናችንን አፍጥጠን… ምንም። እሳቱስ? ሰማያዊ። "ጤነኛ ነው" አለ። ንፋስ ይሆናል ብሎ በቆርቆሮ አስከለለን።

ከዚያ አስደነገጠኝ። "ይሄ የመጨረሻው ነው። ከፈረሰኞች በዓል በፊት ሌላ አይመጣም።"

በዓሉ ጥር 23። ከተማው በፈረስና በእንግዳ የሚሞላበት ቀን! ይሄ ደግሞ በዚህ አያያዙ ጥር 20 ላይ ያልቃል። ዓባይነህ "ካለቀማ መጥበሻውን ሸጠን ወደ ከሰላችን እንመለስ" አለ። ሀብሌስ?

ጥር 16
ትናንት ዓርብ ነበር። ጾም፤ ሥጋ የለም። ድንች ብቻ ትንሽ ጠበስኩበት። ዛሬ ሲሊንደሩን ወዝወዝ ሳደርገው… ቀሏል! ማነው የሚጠጣው?

ጥር 17
ጉድ! ጉድ!

የባጃጁ ጎማ ስለፈነዳ ዓባይነህ ዛሬ አልወጣም። ያንኮራፋል። በረንዳ ስወጣ እሳቱ ተለኩሷል። ድመቷም ክዳኑ ላይ።

ሮጬ ቀሰቀስኩት። "መጥበሻውን መቼ ተነስተህ ለኮስክልኝ?"

"እኔ? እኔማ ቅንድቤን እወደዋለሁ።"

"ታዲያ ስመርቅህ የምትስቀው?"

"ምርቃት ማን ይጠላል!"

በትራስ ደበደብኩት። በሳቅ ሞትን። ግን… ማን?

ሁሌ ስንዘጋ ክዳኑን የሚከድኑት እማማ ናቸው። "ደክሞሻል፣ አንቺ ግቢ" ይሉኛል። ዛሬ አመሻሽ ላይ የገባሁ መስዬ በበሩ አጮለቅኩ። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረጉት። አልጠፋም። ከደኑበት።

"እማማ! አላጠፉትም እኮ!"

"ምን ብዬ አጠፋዋለሁ? አዳፈንኩት እንጂ።"

አዳፈንኩት! እንደ ምድጃ ፍም! ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል…

"ጠዋት እንዳትለኩሺው ነዋ። ያን ዕለት ዓይንሽ ቢሆንስ ኖሮ? እኔ ያን ካየሁ ወዲህ ልቤ መቼ ተመለሰ።"

ጠሉኝ ብዬ እኮ ነበር… ለካስ! አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ ሳምኳቸው። "ልቀቂኝ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸቻለሽ" አሉ።

ጥር 18
በረንዳው ላይ ትምህርት ተጀመረ። መጀመሪያ ክዳኑን መክፈት፣ ከዚያ ጋዙን፣ ወዲያው ጠቅ! የመጀመሪያው ላይ እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው አማተቡ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! አስር ጊዜ ለኮሱ፣ አስር ጊዜ አጠፉ። "ይሄው ነው እንዴ?" ጎረቤታችንን ስሜነሽን ጠርተው ደግሞ ለሷ አሳዩ። ኧረ ጋዜን!

ጥር 23
እጄ ዝሏል፣ ድምፄ ተዘግቷል፣ ደስ ብሎኛል! ፈረሶቹ አለፉ፤ እንግዳው በላ፣ ደገመ። ጋዙ አላለቀም! አላለቀም! ዓባይነህ የመሸጡን ነገር አላነሳትም። ድመቷ ብቻ አኩርፋለች፤ ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ እማማ ቀድመውኝ በረንዳው ላይ ነበሩ። እሳቱ ግን አልተለኮሰም። እኔን እየጠበቁ ነው። ክዳኑን ከፈቱ። "ነይ፣ ጠጋ በይ" አሉኝ። በአንድ እጃቸው ለኮሱት፤ በሌላው የግራ ቅንድቤን ሸፈኑልኝ። ገና መብቀሉ ነው።