ድምጿን የሚጠብቀው ኮድ

ሰኞ ጥቅምት 5
የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከላችን ፕሮግራም ዛሬም እየተንቀራፈፈ ነው፤ ጠጋኟ ደግሞ እኔ ነኝ። ሰው ይደውላል፤ አድራሻው ስክሪን ላይ እስኪወጣ ድረስ ግን… ኦፕሬተሮቹ "ኤሊው" ብለውታል። ተረበኛዋ ኦፕሬተር፣ "አንቺ ካላፈጠንሽው በሽተኛው ራሱ በእግሩ ይመጣል" አለችኝ። ሳቅን።
ከሰዓት አንዲት ሴት ባሏ ደረቱን ይዞ ወደቀ ብላ ደወለች። አምቡላንሱ ሲደርስ ሰውየው አርፏል። በእኛ መዘግየት ይሆን? ማን ያውቃል። ተረበኛዋ ማዳመጫዋን አውልቃ ግድግዳ ግድግዳውን ስታይ ዋለች።

ማክሰኞ ጥቅምት 6
ፕሮፋይለር ለቀቅኩበት፤ የትኛው የኮድ ክፍል ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላ ለክቶ ያሳያል። አድራሻዎቹ የተከማቹበትን ዳታቤዝ ነበር የጠረጠርኩት። ንጹሕ ነው። ጊዜውን ሁሉ የሚውጠው አንድ ፈንክሽን ነው፣ አንዲት የኮድ ቁራጭ። ስሙ "ጠብቃት"።
የእያንዳንዱን ደዋይ ድምፅ ከአንድ የተቀዳ ድምፅ ጋር ያመሳክራል። ከገጠመ ጥሪውን ወደ አለቃዬ ጠረጴዛ ያዞረዋል። ካልገጠመ አድራሻው ይወጣል።
ቅጂውን ከፈትኩት። ትንፋሽ… ከዚያ የወጣት ሴት ድምፅ፣ "የት እንዳለሁ አላውቅም…" ተቋረጠ።
እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው።

ረቡዕ ጥቅምት 7
ኮዱን የጻፉት አለቃዬ ናቸው። ጋሼ። ሥራውን ያስተማሩኝ። ቢሮአቸው ገብቼ የፈንክሽኑን ስም ብቻ ጠራሁ። መነጽራቸውን አወለቁ።
"ልጄ ናት። እዚሁ ደወለች። አድራሻዋ ሳይወጣ መስመሩ ተቋረጠ። በማግስቱ ከነመኪናዋ ገደል ሥር አገኘናት።"
"ቀብረዋታል?"
"በገዛ እጄ አፈር አልብሻታለሁ።"
"ታዲያ ኮዱ ማንን ነው የሚጠብቀው?"
መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው፣ "ሐሙስ ሐሙስ ትደውላለች" አሉኝ።
አእምሯቸውን ስተው ይሆን? ፊታቸው ግን የጤነኛ ነው።
ስለ ሰኞው ሟች ነገርኳቸው። "የነገን ብቻ…" ብለው ጀመሩ፤ ዋጥ አደረጉት። "አይ። ዛሬውኑ አንሺው።"

ሐሙስ ጥቅምት 8
አነሳሁት። አድራሻው ቦግ ይላል፣ ወዲያው። ኦፕሬተሮቹ አጨበጨቡልኝ። ጋሼ አልገቡም።
እኩለ ቀን ላይ ተረበኛዋ ጠራችኝ። ከንፈሯ ክው ብሎ ደርቋል። "ቁጥር የለውም፣ አድራሻም አያወጣም። አንዲት ልጅ… 'አባዬን አቅርቢልኝ' ትላለች።"
ማዳመጫውን ተቀበልኳት። ትንፋሽ። ያው ትንፋሽ።
ዘጋሁት። እጄ ነው የዘጋው… እኔ አይደለሁም።

ሐሙስ ጥቅምት 15
ሳምንቱን ሙሉ መጻፍ አልቻልኩም። እንቅልፍም የለም። ጋሼ መልቀቂያ አስገብተዋል። ቢሮአቸው ባዶ ነው።
ዛሬ የተረበኛዋ ወንበር ላይ ራሴ ተቀመጥኩ። ስልኩ ሲጠራ አነሳሁት።
"አባትሽ ቤታቸው ናቸው። ደህና ናቸው" አልኳት። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።
ትንፋሹ ቆመ። ከዚያ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ "አሁን ለሰው ቶሎ ትደርሳላችሁ?" አለችኝ።
"እንደርሳለን፣ እህቴ።"
ራሷ ዘጋች።
ለጋሼ ደወልኩላቸው። "ምን አለች?" ብቻ አሉ። ሰላምታም የለ።
ነገርኳቸው። ሲያለቅሱ ሰምቼ አላውቅም ነበር።