ከል በሎሚ ሲወጣ

ባሕር ዳር፣ ግንቦት ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ይድረስ ካንጀቴ ለማትወጪው እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ሳልሽስ እንዴት አደረገሽ? ጎንሽን ይወጋሽ የነበረው ተወሽ ወይ? ጎረቤቱ፣ ከብቱ፣ ቀየው ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ፈጣሪ ክብሩ ይስፋ ደህና ነኝ።

በአስማማው አፍ የላክሽብኝ ቁጣ ደርሶኛል። ሌባ ወልጄ አሳድጌያለሁ፣ ለፋሲካ መጥታ ነጠላዬን ይዛብኝ ሄደች ብለሻል አሉ። እውነትሽን ነው። ጥቁሩን ነጠላሽን ከራስጌሽ አንሥቼ ሻንጣዬ ውስጥ የከተትሁት እኔ ነኝ። እንዳይበርድሽ ብዬ የራሴን ጋቢ አልብሼሽ ነው የሄድሁት፤ ይህን ግን አስማማው አልነገረኝም፤ አንቺም ሳታነሺው ቀርተሽ ይሆናል። ይቅርታ አልጠይቅሽም። ይልቅ ስሚኝ።

ያን ነጠላ ስታጠቁሪው አጠገብሽ ነበርሁ። ልጅሽ፣ ወንድሜ፣ ሞቷል ብለው ነገሩሽ፤ ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፣ ለቅሶ መቀመጥም ክልክል። አንቺ የሚያጠቁረውን ቅጠል ቀቅለሽ፣ ነጩን ነጠላሽን ነክረሽ፣ ወንዙ ዳር ካለው ጥቁር ጭቃ ውስጥ ቀበርሽው። በማግስቱ ሲወጣ ከሰል መስሎ ነበር። ያኔ የማልሽውን አልረሳሁትም፤ ይህ ጭቃ ከዚህ ፈትል በወጣ ቀን እኔም ከከሌ እወጣለሁ አልሽ። እንደማይወጣ ስለምታውቂ ነው እንዲያ የማልሽ። ይኸው ሰባት ዓመት መሬት ላይ ተኛሽ፤ ሠርግ ስትጠሪ ቀረሽ፤ ሳሉም ከዚያው ከመሬቱ የመጣ ነው። ዘመድ ሁሉ ምከሪያት እያለ አሰለቸኝ። እኔ አንቺን መቅበር አልፈልግም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከመሐላሽ ጋር መከራከር ስላልቻልሁ ከጭቃው ጋር ልከራከር ተነሣሁ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ፔዳ በሚሉት የመምህራን ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለተማሪዎች አሲዱን በልክ የማቀጥን፣ ጠርሙሱን የማጥብ ነኝ። እዚያ መደርደሪያ ላይ እንዲህ ያለውን ጥቁር ባንድ ቀን የሚያነጣ ነጭ ዱቄት ተቀምጧል። አልነካሁትም። መርዝ ነው፤ የመንግሥት ንብረትም ነው። እኔ ደግሞ ከእናቴ በቀር ከማንም አልሰርቅም።

ስለዚህ የተከራየኋትን ክፍል ቤተ ሙከራ አደረግኋት። መለኪያዬ መስመር የተሰመረበት የሕፃን ጡጦ ነው፤ ማጥለያዬም የሻይ ማጥለያ። የሙያችን የመጀመሪያ ሕግ ሁሉንም ባንዴ አለመንካት ነው። ከጠርዙ አውራ ጣት የምታህል ቆርጬ በበረኪና ሞከርኋት። ጥቁሩ ሄደ፤ በቦታው የዝገት ቀለም መጣ፤ ፈትሉም ሳብ ሳደርገው እንደ ገለባ ተበጠሰ። ሙሉውን ነክሬው ቢሆን ኖሮ ዓይንሽን ለማየት አልደፍርም ነበር። ያን ቀን ተቀምጬ አለቀስሁ። ዕንባዬ ሲደርቅ ግን ዝገቱን ደግሜ አየሁት። ለካ ጥቁሩን አጥብቆ የያዘው ከጭቃው የመጣ ብረት ኖሯል! ብረት ደግሞ ኮምጣጣ አይወድም።

ከዘጌ በታንኳ የመጣ ሎሚ ገዛሁ። ጭማቂውን አጥልዬ፣ ጨው ጨምሬ፣ ሁለተኛዋን ቁራጭ ነክሬ ፀሐይ ላይ አሰጣኋት። ውላ ስታድር ግራጫ ሆነች፤ ስስባትም አልተበጠሰችም። ከዚያማ ማን ያቁመኝ። የብረት ሳፋ ስለማይሆን፣ ሎሚው ከሳፋውም ብረት ስለሚያወጣ፣ ካከራዬ ከወይዘሮ አገርነሽ የፕላስቲክ ሳፋ ተዋስሁ። እሳቸው ሽታው ሲጠነክርባቸው አረቄ ታወጫለሽ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ወሬው ቀበሌ ደረሰና አካሉ የሚባለው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። ጠርሙሱን ሁሉ እያነሣ አሸተተ። ልብስ እያጠብሁ ነው ብዬ ብነግረውም አላመነኝም። ሸሚዙ ትከሻ ላይ የጠመንጃ ማንገቻው ዝገት ታትሞበት ነበርና፣ አውልቀው አልሁት። በሎሚና በጨው አሽቼ ፀሐይ ላይ ባሰጣለት ዝገቱ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የሰው ፍየል ወደ ሳፋዬ ሲጠጋ የሚያባርርልኝ እሱ ሆነ።

ሎሚው ሲደክም እደፋና በአዲስ እቀይራለሁ። ከመድፋቴ በፊት በሲኒ ቀድቼ፣ ኮምጣጣው እንዲሞት የአመድ ውሃ ጨምሬ፣ ሻይ ጠብ አደርግበታለሁ። ብረት ካለበት ይጠቁራል። ስቀይር፣ ስፈትሽ፣ ደግሞ ስቀይር ሰነበትሁ፤ ጣቶቼ ተላላጡ። ተስፋ ልቆርጥ ስል አንድ ቀን ሻዩ ሻይ እንደሆነ ቀረ። ነጠላውን ሐይቁ ዳር ወስጄ ክንዴ እስኪዝል አለቀለቅሁት። እንደ ጥንቱ አልነጣም፤ ቅቤ ቅቤ ይላል። ጥለቱ ግን ወጥቷል። አረንጓዴ እንደነበር ረስቼው ኖሯል። ድንጋዩ ላይ ዘርግቼ ሳየው፣ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሁሉ እያዩኝ ተንሰቀሰቅሁ።

ይኸው የአክስቴ ልጅ የብርጓል ነጠላሽን ይዛልሽ መጥታለች። ፈተና ስለደረሰ እኔ መሸንቲ ድረስ መምጣት አልቻልሁም። አፏ የታመነ ስለሆነ ደብዳቤውንም እሷ ታንብብልሽ፤ ለሌላ ሰው አትስጪ።

ሰባት ዓመት ዝም ብላ ዛሬ ምን ነካት ማለትሽም ተነግሮኛል። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከቆላ ድባ እህል ይዞ በጀልባ የመጣ ሰው ኮሌጁ በር ላይ ጠብቆኝ ነበር። አይቼው አላውቅም። እሱ ግን ሲጠራኝ በመዝገብ ስሜ አልጠራኝም፤ ልጅ ሳለሁ እቤታችን ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ሊያናድደኝ ይጠራኝ በነበረው ስም ጠራኝ። ጥግ ይዤ አዳመጥሁት። የቀረውን ወረቀት አይችለውም፤ የብርጓል በጆሮሽ ትነግርሻለች።

እንግዲህ ጭቃው ወጥቷል፤ መሐላ አክባሪ ነሽና አንቺም ውጪ። እልልታሽን ግን ዋጪው። ሰው ለምን ነጭ ለበሰች ቢል፣ ልጄ አስጨንቃኝ ነው በዪ፤ ውሸትም አይደለም። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ነፍስ አባትሽ መምሬ መርስዔ ኀዘን በቅዳሴ ከሙታን ጋር ሲያነሡት የኖሩት የክርስትና ስም አለ። ከመጪው እሑድ ጀምሮ ከሕያዋን ጋር ያንሡልን። ለምን ብለው ከጠየቁሽ ስሙን ብቻ ድገሚላቸው።

እመ ብርሃን ሁላችንንም፣ ሦስታችንንም፣ ለዓይነ ሥጋ ታብቃን። ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ታናሽ ልጅሽ