ጭጋግ ውስጥ የምትጣራው ወፍ

ለእህት ዓለሜ፣ እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ በረቱ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ከቤታችን በላይ ያለውን ረግረጋማ ሜዳ እየሳልኩ ነው። ጭጋጉ ሲወርድ አንዲት ወፍ ትጮኻለች። ጎረቤታችን አሮጊቷ «ባሏ እዚያ የጠፋባት ሴት ናት፤ እየተጣራች ነው» ይላሉ። ባለቤቴ ይህን ሰምታ «እየሰማ ዝም ብሏት ቢሆንስ?» አለችኝ። ብሩሼን እያጠብኩ ስለነበር ምን እንደመለስኩላት እንጃ።

አሁን አክስቷን ልትጠይቅ ሄዳ ትንሽ ሰንበት ብላለች። በዚህ ሙቀት የብርድ ካፖርቷንም፣ ወፍ የምታይበትን መነጽርም ይዛ ሄዳለች። መቼም ጥንቁቅነቷን ታውቂያለሽ። እኔም መስኮቱን ከፍቼ ነው የማድረው፤ የቀለሙ ሽታ እንዲወጣ ብዬ ነው።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ምናልባት ከደወለችልሽ፣ ሜዳው ላይ ያገኘቻቸው እንቁላሎች ተፈለፈሉ በያት።

ወንድምሽ