ፈትሺው ያሉኝ ቃል

ውድ አባቴ፣

«ውድ» ማለቴ የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም አይስጡት።

ከትናንት በስቲያ ስደውልልዎ፣ «ቃሉን በትክክል ነው የተጠቀምኩት። የቋንቋ መምህር አይደለሽ? ፈትሺውና ንገሪኝ» ብለው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ፈትሻለሁ። ውጤቱን በጽሑፍ የማደርስዎ በቃል ሲሆን ስለሚያቋርጡኝ ነው።

በኋላ «እንዲህ አላልኩም» እንዳይሉ በመጀመሪያ የሆነውን ላስቀምጥ። እሑድ ምሳ ላይ የወንድሜ የወደፊት አማቾች ተጋብዘው ነበር። ባለመስታወቱ ቁም ሣጥን ተከፍቶ፣ ለእኛ የማይወጡት ሳህኖች ወጥተዋል። እርስዎ ልጆችዎን በተራ ያስተዋውቁ ነበር፤ ወንድሜን «ነጋዴው»፣ እኔን «ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው» አሉ። ታናሽ እህቴ የውሃ ጆጉን ይዛ ስትገባ ፈገግ ብለው «ይቺ ደግሞ የቤታችን ፌይለር ናት» አሉ። የፋርማሲ ሙያ ፈቃድ ፈተናዋን ስላላለፈች ነው። እንግዶቹ ሳቅ ይሁን ጉሮሮ መጥረግ ያልለየለት ድምፅ አሰሙ። እህቴ ለሁሉም ውሃ ቀዳች፤ ጠብታ አላፈሰሰችም። ከዚያ ወጣች።

ዝም ያላለችው አክስቴ ብቻ ናት። «ወንድምዓለም፣ እንግሊዝኛህን ለወንዱ በማንኪያ፣ ለሴቷ በአካፋ ነው የምታወጣው!» አለችዎ። እርስዎም «አንቺ ደግሞ ያልገባሽ ነገር ውስጥ አትግቢ» አሏት። ገብቷት ነበር።

ወንድሜ የሴራሚክ ሱቁን ዘግቶ ቁልፉን ለአከራዩ ሲመልስ፣ እርስዎ ለዘመድ ሁሉ «ሴትባክ ነው» እያሉ አስረዱለት። ወደ ኋላ ተገፋ ማለት ነው፤ መንገዱ ግን አሁንም ከፊቱ አለ ማለትም ነው። የእኔ ጋብቻ ሳይሆን ሲቀር «ሚስቴክ» አሉት፤ ስህተት ይታረማልና እኔም ተመስገን ብዬ አለፍኩ። ርዕሰ መምህርነቱ ለሌላ ሰው ሲሰጥብዎ ደግሞ «ዲፊት» አሉ። ሽንፈት ክብር አለው፤ የሚሸነፈው የታገለ ብቻ ነው። አራታችንም ላይ የደረሰው አንድ ነገር ነው፤ የፈለግነው አልሆነም። ለሦስታችን ቃሉን የለጠፉት በሆነብን ነገር ላይ ነው። ለእሷ ግን ግንባሯ ላይ ለጠፉት።

ፍርዴ እንዳይዛባ፣ እንግሊዝኛው ቃሉን ለሰውም እንደሚፈቅድ አልክድም። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነዎት። ነገር ግን ለሰው ሲነገር ያለቀለት፣ ከእንግዲህም ምንም የማይጠበቅበት ሰው ማለት ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ልጁን አለቀላት የሚል አባት ስለ ቃላት ትክክለኛነት ሊያስተምረኝ አይችልም።

ከሁሉ የከፋው በእንግሊዝኛ መናገርዎ ነው። በቋንቋችን «ፈተና ወደቀች» ቢሉ ኖሮ፣ ከእንግዶቹ አንዷ «አይዞሽ፣ የኔ ልጅ» ትላት ነበር። የወደቀ ሰው አንሺ አያጣም። የእርስዎ ቃል ሲተረጎም «ክሽፍ» ነው፤ የሚከሽፈው ደግሞ ጥይት ነው፤ ሰው ይወድቃል እንጂ አይከሽፍም። ዕድሜ ልክዎን ቋንቋ ሲያስተምሩ ኖረው ይህ አይጠፋዎትም። ቃሉን የመረጡት አይዞሽ እንዳትባል ነው።

ያን ዕለት ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ተያቸው፤ አፋቸው ነው እንጂ ልባቸው አይደለም» አልኳት። ለእርስዎ ስል የዋሸሁት የመጨረሻው ውሸት ነው።

«እታለም፣ አባባ እኮ ቃል አይሳሳቱም» አለችኝ። «ነጠላ ሰረዝ ስረሳ እንኳ የሚያዩብኝ ሰው ናቸው። ፌይለር ነሽ ካሉ፣ ነኝ ማለት ነው። የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ማክሰኞ ያለውን ድጋሚ ፈተና አልፈተንም።»

የሠሩት ሥራ ይህ ነው። ሌላ አባት ቢሰድባት ተናዶ ነው ብላ ታልፈው ነበር። እርስዎን ግን አመነችዎት።

በማግስቱ መጻሕፍቷንና ነጭ ጋዋኗን በሁለት ዘንቢል ይዘን ስንወጣ፣ እርስዎ ሳሎን ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። ድምፁን እንኳ አልቀነሱትም። አሁን እኔ ዘንድ ናት። ዘንቢሎቹ ለቀናት ሳይፈቱ ከበሩ ሥር ቆዩ፤ እኔም ፍቺያቸው አላልኳትም። ትናንት ግን ስልክ ላይ ያሉኝን ነገርኳትና የፈተሽኩትን አንድ በአንድ አስረዳኋት። «እንግዲያው ተሳስተዋላ?» አለችኝ። «አልተሳሳቱም፤ አውቀው ነው» አልኳት። ተነሥታ ዘንቢሎቹን ፈታች። ዛሬ የመመገቢያ ጠረጴዛዬ በመድኃኒት መጠን ስሌት ተሸፍኗል፤ ምሳችንን ጭናችን ላይ አድርገን በላን።

«እስከ ሰኞ ካልተመለሰች በሩ ተዘግቷል በላት» ብለው በወንድሜ በኩል የላኩት ደርሶናል። ምን ልመልስላቸው ብዬ ስጠይቃት፣ እርሳሷን ሳታስቀምጥ፣ «ማክሰኞ እፈተናለሁ» አለች። ቀጥላም፣ «ብወድቅም የምወድቀው እዚህ ነው በያቸው» አለችኝ።

እንዳለችው ጽፌያለሁ። ማክሰኞ ጠዋት እስከ መፈተኛው በር እኔ አደርሳታለሁ፤ እርስዎ እንዳይመጡ። ውጤቱ ሲታወቅ፣ ምንም ይሁን ምን፣ አሳውቅዎታለሁ። ስሙን የምታወጣለት ግን እሷ ናት።

የመጀመሪያ ልጅዎ