በረጅሙ ዘፈን መሃል የልጄ ድምፅ

ሐምሌ 14 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። የልጄ የሀብታሙ ሙት ዓመት ነበር። ካህናቱ ከሄዱ በኋላ ሁለቱ ጓደኞቹ፣ ይበልጣልና አማረ፣ ቀሩ።

ዓመቱን ሙሉ ቻርጅ እያደረግሁ ያስቀመጥኩትን ሞባይሉን ሰጠኋቸው። እኔ ከፍቼ ሰምቼው አላውቅም። አብረው ይወዱት የነበረውን፣ ፕሮግሬሲቭ ሜታል የሚሉትን ጊታር የሚጮህበት የፈረንጅ ሙዚቃ የሚጫወተውን ባንድ ዘፈኖች እየከፈቱ ደረጃ ሲያወጡ እንደ ቅኔ ቤት ተማሪ ተከራከሩ።

«አንደኛው ረጅሙ ነው!» አለ አማረ።

«ዘፈን በሜትር ይለካል እንዴ? አንተ ጨርቅ ነጋዴ!» አለው ይበልጣል።

ረጅሙን ከፈቱት። መሃል ላይ ጊታሩ ዝም ሲል የሀብታሙ ድምፅ ወጣ፦ «እማ፣ እየቀዳሁ ነው፤ በሩን ዝጊው።» ዘፈኑን ከተውሶ ቴፕ በሞባይሉ ሲቀዳ አብሮ የገባ ድምፁ ነው። ሁለቱም አቀረቀሩ።

«እትዬ፣ ይሄን አጥፍቼ ጥርት ያለውን ልጫንልዎት?» አለኝ ይበልጣል በቀስታ።

ሞባይሉን ከእጁ ወሰድኩ። «ጥርት ያለው ለእናንተ ይሁን። የእኔ አንደኛ ይኸው ነው።»

እሑድ ጠዋት። ከቅዳሴ ተመልሼ ብቻዬን ከፈትኩት። «በሩን ዝጊው» ሲለኝ ተነሥቼ ዘጋሁት። ዘፈኑ ካለቀ ቆየ። በሩን ግን እስካሁን አልከፈትኩትም።